«ልጅ ነውኮ» ያለችው እሷ፣ የከፈልኩት እኔ

ትሪ ያዥዋ፦

ሰላም ለቤቱ። ከማንበብ ውጪ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ሆዴ አልችል ብሎኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ካፌ አስተናጋጅ ነኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ እንጀራዬ ነው። ነገሩ የሆነው እሁድ ከሰዓት ነው። እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አያት፣ እናት፣ አባት፣ ልጆች፣ ሞግዚቷ ሳትቀር ሦስት ጠረጴዛ ገጥመው ይቀመጣሉ። እኛ ያን ቀን እግራችን የኛ አይደለም።

ልጁ ቢበዛ አምስት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ከነጫማው ወንበር ላይ ቆመ። ቀጥሎ የስኳሩን ዕቃ ገለበጠና በጣቱ መንገድ ይሠራበት ጀመር። እሱን ዝም አልኩ፤ ስኳር ይጠረጋል። ከዚያ በጠረጴዛዎቹ መሀል መሮጥ ያዘ። ጠጋ ብዬ እናትየዋን «ይቅርታ እህቴ፣ ትኩስ ነገር ስለምናመላልስ ልጁን ቢይዙልን» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሦስት ማኪያቶ፣ አንድ ሻይ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዤ ስዞር መጥቶ ጉልበቴ ላይ ተላተመ። ትሪውን ወደ ራሴ ሳብኩት። ወደ እሱ አዘንብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር። ማኪያቶው ያረፈው ክንዴ ላይ ነው። ልጁን ጠብታ አልነካችውም፣ ተመስገን። ግን ደንግጦ አለቀሰ። እናቱ እየሮጠች መጣች። እኔ ሞኟ «ተቃጠልሽ እንዴ?» ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ልጁን አስደነገጥሽውኮ!» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲመጣ ደግሞ ድምጿ ለሰለሰ። «ልጅ ነውኮ፣ ምን ይደረጋል» አለችው።

የተሰበረው ዕቃ ተሰልቶ 640 ብር ከደሞዜ ተቆረጠ።

ሊወጡ ሲሉ ልጁ በሩ ጋ ቆሞ አጨበጨበ። አድንቆኝ እንዳይመስላችሁ። አባቱ እኔን ሲጠራ እያጨበጨበ ነበር፣ ከእሱ አይቶ ነው። «አንቺ! ውሃ!» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። አባትየው ራሱን አሻሸው።

ማታ ክንዴ እያቃጠለኝ ሳስብ ያደርኩት ስለ ብሩ አይደለም። ልጅን በሰው ፊት መቆጣት ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

የቄራው ልጅ፦

እናቴ አንድም ቀን ሰው ፊት ጮሃብኝ አታውቅም። አያስፈልጋትም ነበር። የታችኛውን ከንፈሯን ነከስ ታደርጋለች፣ ዓይኗን አንዴ ታፈጣለች፣ አለቀ።

እንግድነት ሄደን ምግብ ሲቀርብ እኔ የማየው ምግቡን አይደለም፣ የእናቴን ዓይን ነው። የቤቱ እመቤት «ብላ እንጂ የኔ ልጅ» ትላለች። እኔ «በልቻለሁ»። ሆዴ እየጮኸ አፌ በልቻለሁ ይላል። ሦስተኛ ጊዜ ሲለምኑኝ እናቴ ወደ ሌላ ቦታ ካየች ተፈቅዷል ማለት ነው። ወደ እኔ ካየች ጾም ነው። ይህ ሁሉ ያለ አንዲት ቃል! የዛሬ ልጅ እናቱ ከንፈሯን ብትነክስ «ማሚ፣ አፍሽን አመመሽ?» ነው የሚላት።

እናት ብቻ አልነበረችም ደግሞ። ጎረቤት ይቆነጥጥሃል። ባለሱቁ ይቆጣሃል። ሁለቱም ለእናትህ ይነግሩና ቤት ሌላ ዙር ይጠብቅሃል። አሁን የሰው ልጅ ብትቆጣ «አንተ ማን ነህና ነው?» ትባላለህ።

ነርሷ፦

ክርክሩን ከመቀጠላችሁ በፊት። ትሪ ያዥዋ፣ ክንድሽ እንዴት ነው? የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ ቀብተሽ ከሆነ ሁለተኛ እንዳትደግሚው። ትኩስ ነገር ሲፈስ ወዲያው ቧንቧ ከፍቶ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ነው። በረዶ አይደለም፣ ውሃ። ውሃ የቋጠረ ነገር ካለ አታፍርጪው፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ለወላጆች ደግሞ። ሻይ ከተቀዳ ሩብ ሰዓት በኋላም የልጅ ቆዳ ያቃጥላል። የልጅ ቆዳ ስስ ነው። ካፌ ውስጥ ልጅን መያዝ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፊቱና ደረቱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት ልጅ ፋሻ ሲቀየርለት የሚያወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው «ልጅ ነውኮ ይሩጥ» አይልም።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፦

እስኪ እኛንም ስሙን። የሁለት ወንዶች እናት ነኝ። በዚህ ታሪክ እናትየዋ ጥፋተኛ ናት፣ አልከራከርም። ግን «የዘንድሮ ወላጅ» እያላችሁ ሁላችንንም በአንድ ከረጢት አትክተቱን።

የቄራው ልጅ፣ አንተ ያደግከው ሜዳ ላይ ነው። ጠዋት ወጥተህ ማታ ነው የምትገባው። የእኔ ልጆች የሚኖሩት ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ታች መጫወቻ ተብሎ የተተወው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ኮሪደር ላይ ሲሮጡ ከሥር ያሉት ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን ይደበድባሉ። ትምህርት ቤታቸውም ፎቅ ነው። ወዳጅነት ፓርክ ልውሰዳቸው ብል ከሰፈሬ ሦስት ታክሲ ነው። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ታፍነው የከረሙ ልጆች እሁድ ካፌ ሲገቡ የሚያዩት ማኪያቶ አይደለም፣ ባዶ ወለል ነው።

ሌላም ልናዘዝ። ሰው ፊት ልጄን ስቆጣ ያፍራል ብዬ ሳይሆን እኔ አፍራለሁ። ብቆጣው «ጨካኝ»፣ ዝም ብለው «ልቅ አርጋ ያሳደገች»። ስልኩን ብሰጠው «ይቺ ደግሞ በስልክ ነው የምታሳድገው»። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ቸኮሌት ካልገዛሽልኝ ብሎ ወለል ላይ ተዘርሮ ሲንፈራገጥ አንዲት ሴት ስልኳን አውጥታ ስትቀርጸኝ አየሁ። ቸኮሌቱን ገዛሁለት። አዎ፣ ገዛሁለት። ቲክቶክ ላይ ከምወጣ።

በርበሬ የታጠነ፦

መፍትሔው አጭር ነው። ልምጭ። እኔ ተገርፌ፣ ተንበርክኬ፣ በርበሬ ታጥኜ ነው ያደግኩት። ይኸው ሰው ሆኛለሁ። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ያሉት አባቶች ዝም ብለው አይደለም። ሞልቃቃ ትውልድ!

ነርሷ፦

በርበሬ የታጠነ፣ ሰው የሆንከው በበርበሬው ነው ወይስ በርበሬው እያለም? አስም ያለበት ልጅ በርበሬ ታጥኖ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ተረኛ ነበርኩ። አባቱ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ልመልሰው ብዬ ነው» እያለ ያለቅስ ነበር። ቀልድ አታድርጉት።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጆቼ፣ እኔ ረጅም ዓመት አስተምሬአለሁ። አሁን የልጅ ልጆች እጠብቃለሁ። «ድሮ ቀረ» ስትሉ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ልምጭ ይዤ ክፍል የምገባ መምህር ነበርኩ። ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ጸጥታውን እንደ መከባበር ነበር የማየው። አንድ ጊዜ የታመመ ባልደረባዬን ክፍል ደርቤ እንድይዝ ተነገረኝ። ልምጬን ረስቼ ገባሁ። ያ በሩቅ ሲያየኝ የሚበረግግ ልጅ ሁሉ እጄን አየና፣ ባዶ መሆኑን ሲያይ፣ ወሬውን ቀጠለ። ያን ቀን ነው የገባኝ። የሚያከብሩት እንጨቱን ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ እንጨት ማስተማር ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ቀላል አልነበረም።

የከንፈሩ ነገር ግን እውነት ነው። ባለቤቴ ልጆቻችንን መትታ አታውቅም፣ በዓይኗ ነበር የምትገዛቸው። ግን አስተውሉ፣ ዓይን የሚሠራው ልጁ ወደ እናቱ ሲያይ ነው። ልጁም ወደ እናቱ የሚያየው እናትየዋ ወደ እሱ ስታይ ነው። ስልክ ላይ ያቀረቀረን ዓይን ማን ያየዋል?

የቄራው ልጅ፦

ጋሼ፣ ይሄ የመጨረሻው አባባልዎ ገደለኝ። እኔም ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ነው አሁን ይህን የምጽፈው። አንዴ ቆዩኝ።

ሕግ ቀመስ፦

ሁላችሁም ስለ ልጁ ታወራላችሁ፣ 640 ብሩን ረሳችሁት።

ትሪ ያዥዋ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ እንደፈለገ ከደሞዝ መቁረጥ አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል፣ አለዚያ አንቺ በጽሑፍ መስማማት አለብሽ። ቢቆረጥም ከወር ደሞዝሽ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የፈረምሽው ነገር አለ?

ሁለተኛ፣ «ልጅ ነውኮ» በሕግ ዕዳ አያስቀርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2124 አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ኃላፊነት የሚያስከትል ነገር ሲያደርግ አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል። እንደ ሁኔታው ልጁን የያዙ ሌሎችም አሉበት። ለስድስት ስኒና ብርጭቆ ፍርድ ቤት ሂጂ አልልም። ግን ሥራ አስኪያጁ ሂሳቡን ማቅረብ የነበረበት ለዚያ ጠረጴዛ ነው።

ስለ ልምጩ ደግሞ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት የአካል ቅጣት እንዳይደርስባቸው ይላል። ቤት ውስጥ ያለውን ግን ሕጋችን በግልጽ አልዘጋውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታት ወንጀል ነው ካለ በኋላ፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል በሕግ የተፈቀደውን ቅጣት እዚህ ውስጥ አያስገባም። የተፈቀደው ቅጣት የት ጋ እንደሚያቆም የሚወስነው ዳኛው ነው። በርበሬ ማጠን ግን «መልካም አስተዳደግ» ነው የሚል ዳኛ ይገጥመኛል ብለህ አትወራረድ።

ትሪ ያዥዋ፦

ምንም አልፈረምኩም። «እንደተለመደው» ነው የተባልኩት።

ደግሞ አንድ ነገር ላስተካክል። ልጁ ይገረፍ አላልኩም። ማንም እንዲመታው አልፈልግም፣ እንደውም ሲያለቅስ አንጀቴን በልቶኛል። እኔ የጠበቅኩት አንዲት ቃል ነበር። እናቱ ይቅርታ ብትለኝ፣ ወይ «ሂድና እህትህን ይቅርታ በላት» ብትለው፣ ይህን ጽሑፍ አታዩትም ነበር። 640ውንም እረሳው ነበር። እሺ፣ አልረሳውም። ግን አልጽፍም ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኛ አሜሪካ ያለነው ጋ ደግሞ ሌላ ትርዒት አለ። የሐበሻ ሬስቶራንት ቅዳሜ ማታ ግቡ። ልጆች በጠረጴዛ ሥር ይሽሎከለካሉ። አባት ሊቆጣ ሲል የሰባት ዓመቷ ልጅ «ናይን ዋን ዋን እደውላለሁ» ትላለች፣ ፖሊስ ልትጠራ ማለት ነው። አባት ቀዝቅዞ ይቀመጣል።

አንድ ሰው ይህን አፍርጦ መናገር አለበት፦ እዚህ ሀገር ልጅን መቆጣት አይከለከልም። «አይሆንም» ማለት አይከለከልም። ስልክ መንጠቅ፣ ግብዣውን አቋርጦ ልጁን አንጠልጥሎ ወደ መኪና መሄድ አይከለከልም። ፖሊስ የሚመጣው ሌላ ነገር ስታደርግ ነው። እኛ ግን የምናውቀው ተግሣጽ ዱላ ብቻ ስለነበር፣ ዱላውን ሲቀሙን ባዶ እጃችንን ቀረን። ጋሼ መምህሩ ልምጫቸውን ረስተው ክፍል እንደገቡት ማለት ነው። እኛ ያለ ልምጭ መልመድ የነበረብንን ሁለት ዓመት ሳንለምድ ልጆቹ አደጉ።

እኔ ራሴ የለመድኩት ከጎረቤቴ ነው። ልጇ ሱቅ ውስጥ ሲያብድባት ተንበርክካ በዓይኑ ትክክል ሆና ዝግ ባለ ድምፅ «እንሄዳለን» ትለዋለች። ከዚያ በእውነት ይሄዳሉ። ጋሪው ሙሉ ዕቃ ባለበት ትታው ትሄዳለች! እኔ ጋሪዬን ትቼ መሄድ የቻልኩት በሦስተኛው ሙከራ ነው። ዶሮው አሳዘነኝ።

ከነታንያ፦

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ እስራኤል ያለነው ጋ እኮ የባሰ ነው። የኛ ወላጆች ዕብራይስጡ አልገባ ብሏቸው ቤቱን ልጅ ተርጓሚ ሆኖ ሲመራው አይተናል። ባንክ፣ ጤና ጣቢያ፣ ወላጅ ስብሰባ፣ ሁሉም በልጅ አፍ። ወንድሜ ትምህርት ቤት ረብሾ አባቴ ተጠራ። መምህሯ አሥር ደቂቃ አወራች። ወንድሜ ወደ አባቴ ዞሮ «ጎበዝ ነው፣ ግን ትንሽ ጮክ ብሎ ያነባል አለች» አለው። አባቴ ደስ ብሎት መምህሯን እጇን ስሞ ወጣ። ዛሬ ስናወራው እንስቃለን። ያን ጊዜ ግን አባቴ ለምን እንደሚስቁበት ያላወቀው እሱ ብቻ ነበር።

ይህን የምለው ወላጅ ሲለግም ብቻ አይደለም ልጅ የሚያመልጠው ለማለት ነው።

ከስቶክሆልም፦

እዚህ ስዊድን ልጅ መምታት በፈረንጆቹ ከ1979 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ከዓለም የመጀመሪያው። ሕጉ ሲወጣ በወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር አትመው ነበር፣ ቤተሰብ ቁርስ ላይ እያነበበ እንዲነጋገርበት። አንድ ትውልድ አልፏል። ካፌዎቹ ግን አልፈረሱም። ብዙ ቦታ ጥግ ላይ ወረቀትና ቀለም ያስቀምጣሉ። የሚረብሽ ልጅም አለ፣ ያው ልጅ ልጅ ነው። ልዩነቱ አባትየው ይነሳል። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ እሱ ልጁን ይዞ ውጪ በረዶ ላይ ይቆማል።

ታክሲ ረዳት፦

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ልጅ ጭን ላይ ከተቀመጠ አይከፍልም። ወንበር ከያዘ ይከፍላል። ጭን ላይ ነው ብላችሁ ገብታችሁ ከነጭቃው ወንበር ላይ አቁማችሁት መስኮት አታሳዩት። ነጭ ሱሪ የለበሰ ተሳፋሪ የሚሰድበው እኔን ነው። አመሰግናለሁ።

ከቤይሩት የተመለስኩ፦

ስለ ሞግዚቷ ማንም አላነሳም። ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጣ ነበር ብላለች ትሪ ያዥዋ። ልጁ ሲሮጥ እሷ የት ነበረች? ልንገራችሁ። ከኋላ ከኋላው እየሮጠች ነበር። «ተው» ማለት ግን አትችልም።

እኔ አምስት ዓመት የሰው ልጅ አሳድጌአለሁ። አበላዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አስተኛዋለሁ። አንድ ቀን ሲተፋብኝ እጁን ያዝኩና «አይደረግም» አልኩት። እናቱ «እጁን ለቀቅ አድርጊ!» አለችኝ። ልጁ የተማረው በዚያች ደቂቃ ነው። ከሁሉም የሚበልጥ እንዳለና ከሁሉም የምታንስ እንዳለች። ከዚያ በኋላ ሲተፋብኝ መጀመሪያ እናቱን ያይ ነበር፣ ትስቃለች ወይስ አትስቅም ብሎ።

ለዚህ ነው ጭብጨባው ውስጤ የገባው። ሩጫው የልጅ ነው። ጭብጨባው የአባቱ ነው።

ስም አልሰጥም፦

ልጅ የሌለው ሁሉ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲያወራ። ውለዱና እንተያያለን።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፦

ስም አልሰጥም፣ ሁለት አሉኝ፣ ላበድርህ?

የልዩ ልጅ እናት፦

ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነብ ነበር። ልጻፍ አልጻፍ ስል ቆየሁ።

ልጄ ስምንት ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት። ሲያዩት መልኩ ላይ ምንም የለም፣ ቆንጆ ልጅ ነው። ጫጫታ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፣ የቡና ማሽኑ ሲያፏጭ ደግሞ ይባስበታል። ታክሲ ውስጥ ስንት ጊዜ «አሳዳጊ የበደለው» ተብሎብኛል። አንዲት ሴት ጸበል አልወሰድሽውም ወይ ብላኛለች፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ለእኔ ስጪኝ፣ በአንድ ሳምንት አስተካክዬ እመልስልሻለሁ» ብለውኛል። ክፋት አልነበረባቸውም፣ ያ ነው የሚያመው።

ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በፈረንጆቹ 2002 የከፈተችው የራሷን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት ስታጣ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ቀርባ ስለ ልጇ በግልጽ ስታወራ ሳያት ነው እኔ ልጄን ደብቄ ማስቀመጥ የተውኩት። አሁን እሷ የለችም፣ እኛ ግን ወጥተናል። ካፌም እንገባለን። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ከማሽኑ ርቀን።

ትሪ ያዥዋ የጻፈችበት ልጅ እንደዚህ ነው እያልኩ አይደለም። ሲያጨበጭብ ቤተሰቡ ሁሉ መሳቁን ጽፋለች። ግን ቀጥሎ የሚጮህ ልጅ ስታዩ ወላጁን አንዴ ተመልከቱት። ቁጭ ብሎ ስልክ የሚነካካ ከሆነ ውቀሱት። ላብ እያጠመቀው ልጁን አቅፎ የሚወዛወዝ ከሆነ ቦታ ልቀቁለት።

የቄራው ልጅ፦

እህቴ፣ «አሳዳጊ የበደለው» ከሚሉት ውስጥ እኔም አለሁበት። አንድ ጊዜ አውቶብስ ውስጥ ብያለሁ። ልጁ ምን እንደነበረበት አሁን ሳስበው ፊቴ ጋለ። ይቅርታ።

ሕግ ቀመስ፦

ትሪ ያዥዋ፣ ለሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ እንዲለጥፍ ንገሪው። እንደ ዱቤ ማስታወቂያዎቹ ቤት የሚመታ ነገር። «ልጅዎ ደስታዎ፣ የሰበረው ዕዳዎ።»

ታክሲ ረዳት፦

ይሄንን ለታክሲም እወስደዋለሁ።

ትሪ ያዥዋ፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ክንዴ ድኗል፣ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። ነርሷ፣ የጥርስ ሳሙና ቀብቼ ነበር። ከየት አወቅሽብኝ?

አንቀጽ 59ን ስልኬ ላይ አውጥቼ ለሥራ አስኪያጁ አሳየሁት። «አሁን ደግሞ ጠበቃ ሆንሽ?» አለኝ። በማግሥቱ ግን 320 ብር በፖስታ ሰጠኝ። ግማሹን። ሌላውን ግማሽ «ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» ብሏል። የቤት ምቺውን ማስታወቂያ ደንበኛ ያስቀይማል ብሎ አልወደደውም። «ትኩስ ነገር ስለምናስተናግድ ልጆችዎ ከአጠገብዎ አይራቁ» የሚል ወረቀት ለጥፏል፣ ማንም አያነበውም።

ባለፈው እሁድ መጡ። እናትየዋ አልነበረችም። አባቱ፣ ሞግዚቷና አያቱ ነበሩ። አያትየው ነጠላቸውን አደግድገው የተቀመጡ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ልጁ ገና ከወንበሩ ሊወርድ ሲል አየሁ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ። የቄራው ልጅ፣ ምለህ ነው የጻፍከው መሰለኝ፣ ልክ እንዳልከው! ልጁ ቁጭ አለ። ልቤ «ይኸው!» አለ። ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ። ልጁ ተነስቶ መሀል ወለል ላይ ደረሰ።

አባትየው ስልክ እያወራ ነው። ሞግዚቷ ከኋላ ከኋላው ናት። እኔ ትሪ ይዣለሁ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ትሪውን አስቀምጬ የሶፍት ጥቅል አነሳሁና «ና፣ ሥራ አለ» አልኩት። በየጠረጴዛው አንዳንድ ሶፍት አድርግ አልኩት፣ ቀስ ብለህ፣ ሩጫ የለም። ትኩር ብሎ አየኝ። «እኔ?» አለ። «አዎ፣ አንተ።»

ግማሽ ሰዓት ሠራ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ አሥራ ምናምን ሶፍት ከምሯል፣ ሌላው ላይ ምንም የለም። ጋዜጣ የሚያነቡ አንድ ሰውዬ ሶፍት ሲያደርግላቸው ቀና ሳይሉ አጨበጨቡና «ሂሳብ» አሉ። ልጁ ሶፍቱን እንደያዘ ዞሮ እኔን አየኝ። ምን ላድርግ የሚል ዓይን ነው። «መጣሁ በላቸው» አልኩት።

«መጣሁ» አላቸው።